የእንጨት ወጌሻ

ጥር ነው ጎተንበርግ፤ ውጭው ዝናብ ያዘንባል፣
ቤቴ ግን በረሃ፣ ማሞቂያው ይነድዳል።
ከሌሊቱ ስምንት ሲል አንድ ነገር ቋ አለ፤
ጉልበቴ መስሎኝ ነበር፣ በእጄ ዳሰስኩት፣ አለ።
ጊታሬ ነች ለካ!
ሆዷ ተሰንጥቋል ከእንብርት እስከ ወገብ፣
ድልድይዋ ተነሥቶ ክሯም ብሏል ረገብ።
ይህን መሳይ ስብራት ፕላስተር አይጠግነው፣
ሐኪም አይደርስለት፤ ወጌሻ ነው የሚያድነው።

ቅዳሜን ጠብቄ፣ በጀርባዬ አዝያት፣
ለመጀመሪያው ሱቅ ወስጄ አሳየኋት።
ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ በጣቱም ሳይነካት፣
«አዲስ ግዛ» አለኝ፣ «ይቺስ አለቀላት።»
ጥርሱን ያመመው ሰው
ሌላ አፍ ግዛ ይባላል?

ሁለተኛው ጠጋኝ፣ ከወንዙ ባሻገር፣
ሂሳቡን ጻፈልኝ፤ ስድስት ሺህ ክሮነር።
ዋጋውስ ባልከፋ፤
አንገቷን ጨብጦ እንደ ዶሮ ሲያነሣት፣
ነጥቄው ወጣሁኝ፣ ሳልል ደኅና ሰንብት።

ፈረቃ ስንቀያየር ለካሌቪ ነገርኩት፤
ፊንላንዳዊ ነው፣ እንደ እኔው የከተማ ባቡር ነጂ፣
አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ወሬ ግን አያበዛም።
«ማዮርና ሂድ» አለኝ፣ «ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት የሆነ ቤት፤
ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው፤ አንተ ግን በጓሮው ግባ።
ማስታወቂያ የላት፣ ደወሏም አይሠራ፤ በሩን በጡጫ ምታ።
ካልከፈተች ተመለስ፤
ከከፈተች ዝም በል።»

ጉንቮር ትባላለች። ሰባን የዘለለች፣ ሽርጧ ሙጫ የጠገበ።
«ምን ሆነች?» አላለችኝም። ተቀብላ አስተኛቻት፣
ጆሮዋን ከሆዷ አስጠግታ በጣቷ አንጓ ኳ... ኳ...
ወጌሻ የወለቀ አጥንት ሲፈልግ እንዲህ ነው፤
ትወርዳለች፣ ቆም ትላለች፣ ያንኑ ቦታ ትደግማለች።
እኔ ነኝ ያቃሰትኩት።

ከዚያ የጥርስ ሐኪም መስታወትና ትንሽ መብራት ይዛ
በአፏ በኩል ገባች።
ዝም።
ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ፤
«ከእኔ በፊት እዚህ ሌላ ሰው ገብቷል።
ይህ የእኛ አገር እንጨት አይደለም። ማነው ያሰረው?
በምስማር መቸንከር ሲችል እንጨትን በእንጨት ጠለፈ።
ጊታር የማያውቅ፣ እንጨት ግን የሚያውቅ ሰው ነው።»

አርጋው! ኮምቦልቻ፣ ከሰልባጅ ተራው ጥግ፣
በር ሠሪ፣ አልጋ ሠሪ፣ ሲቸግርም የሬሳ ሣጥን።
የዋንዛ ቁራጭ ነበር፤ ከማን በር እንደተረፈ እንጃ።
እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ጊታር ይዞ አያውቅ፤
አገላብጦ አያትና «ሣጥን ነች» አለኝ፣
«ግን የምትተነፍስ ሣጥን።»

«በእርሳስ የተጻፈም አለ» አለች ጉንቮር፣ «አንብብልኝ።»
አጎነበስኩ። ፊደሉ በመስታወቱ ተገልብጦ
ከቀኝ ወደ ግራ ፈታሁት፣ እንደ ቅኔ፦
«ሚያዝያ ፲፱፻፺፬። አርጋው። ቀሪ ሂሳብ ፲፭ ብር።»

እስከ ጆሮዬ ጋልኩ።
«ምን ይላል?»
«ስሙን ነው» ልላት ነበር፤
ግን ሴትዮዋ ሁሉን በጆሮ ነው የምትለካው።
«ዕዳ አለብህ ይላል» አልኳት።
ሳቀች፤ ከሽርጧ ላይ የእንጨት ብናኝ ረገፈ።
«እንግዲያው እሱን አልነካም፤ ስንጥቁን ብቻ እዘጋለሁ።
ጥሩ ሥራ አይፈርስም፣
ይልቁንም ያልተከፈለበት።»

ሦስት ሳምንት ከረመች። ልወስዳት ስሄድ
ክዳኗ የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ጨመረችልኝ፣ ውስጧ እርጥብ ስፖንጅ፤
«ማሞቂያህን ቀንስ። ይቺን ከጎኗ አኑር።
እንጨት ሞቶም ይጠማዋል።»
ሂሳቧን ከፈልኩ፣ ሳንቲም ሳላስቀር፣ ደረሰኝም ተቀበልኩ፤
አንድ ጊታር ሁለት ዕዳ አይችልም።

የአርጋው አሥራ አምስት ብርስ?
በዛሬ ምንዛሪ አንድ ክሮነር ይሙላ አይሙላ፤
በማን እጅ ይላካል? ስልኩን አላውቅ፣ መኖሩን አላውቅ።
ማታ ከሥራ ገብቼ ወፍራሙን ክር ስነካው
ድምፁ ያቺን ዋንዛ ታክኮ ነው የሚወጣው፤
ትንሽ ይጎረብጣል።
ጉንቮርም ሰምታው ነበር፣ ያኔ ስታስረክበኝ፤
«ይሄኛው እንኳ» አለች፣
«የእኔ ሥራ አይደለም።»